የምንለማመድበት የጎማ አንጀት ተቀደደ፤ ሰኞ የኮሎኖስኮፒ ተራዬ ነው

ጠያቂ (ሠልጣኝ ሐኪም፣ ሐዋሳ)፦ እባካችሁ ፈጥናችሁ መልሱልኝ። ኮሎኖስኮፒ (በፊንጢጣ በሚገባ ባለ ካሜራ ቱቦ፣ ማለትም በስኮፕ፣ ትልቁን አንጀት መመርመር) የምንለማመድበት የጎማ አንጀት ሞዴል ዛሬ ከሰዓት ሲግሞይዱ (ወደ ፊንጢጣ የሚቃረበው ጠመዝማዛ የአንጀት ክፍል) ላይ ተቀዶ ምትክ አጥተንለታል። ሰኞ ጠዋት ደግሞ አስተማሪያችን አጠገቤ ቆመው በታካሚ ላይ ስሠራ ሊያዩኝ ነው። የምቸገረውም እዚያው ሲግሞይድ ላይ ነው፤ ስኮፑን ስገፋው ወደ ውስጥ ይገባል፣ በስክሪኑ ላይ ግን ጫፉ ወደ ኋላ ይሸሻል። እስከ ሰኞ በምን ልለማመድ?

ነባሩ፦ ስንት ሴንቲሜትር እንደገባና ታካሚው በየትኛው ጎኑ እንደተኛ አልጻፉም፤ ያለዚህ የሚሰጥ ምክር ግምት ነው። ሐኪሞቹ ዎልፍና ሺንያ በ1960ዎቹ መጨረሻ ኒውዮርክ ውስጥ ትልቁን አንጀት በስኮፕ ማየት ከጀመሩ ወዲህ ትምህርቱ በእጅ እንጂ በንባብ የሚያዝ አልሆነም። በአሜሪካ ቀድሞ የሠልጣኝን ብቃት ለመመዘን ቢያንስ 140 ምርመራ መሥራት ይጠበቅ ነበር፤ ኋላ ግን በአማካይ ብቃት የሚገኘው ወደ 275 ሲጠጋ መሆኑ ታየ። ስለዚህ በአንድ ሰኞ ራስዎን አይፍረዱ።

ታቦር፦ ስኮፑን ቀስ ብለው ወደ ኋላ እየሳቡ ወደ ቀኝ ያዙሩት።

ሐይቅ ዳር፦ ሞዴሉን ወደ ጎሚስታ ይውሰዱት! እየቀለድኩ አይደለም፤ የባጃጅ ከመነዳሪ የሚለጥፍ ሰው ይህ አያቅተውም። ልጣፉ ግን ከውጭ በኩል ይሁን፣ ከውስጥ ከሆነ ስኮፑን ይይዘዋል። ለማለስለሻም ውኃ ነክ ጄል እንጂ ቫዝሊን አትቀቡት፤ ቫዝሊን ጎማ ይበላል። ምናልባት የቀደደውም እሱ ይሆናል።

ተቃዋሚ፦ እኔ በጥያቄው መነሻ አልስማማም። ሞዴል ለጀማሪ እጅ ይጠቅማል፤ ነገር ግን ጎማ አያመውም፣ አያቃስትም። ደግሞስ ሁላችሁም ስለ መግባት ብቻ ታወራላችሁ። ፖሊፕ (በአንጀት ግድግዳ ላይ የሚበቅል እብጠት) በደንብ የሚታየው ስኮፑ ሲወጣ ነው፤ ምንም የሚቆረጥ ባይገኝ እንኳ መውጣቱ ቢያንስ 6 ደቂቃ ይፈልጋል። ሲከም (የትልቁ አንጀት ውስጠኛ ጫፍ) ደርሶ በጥድፊያ የሚወጣ ሠልጣኝ ምን ተማረ ይባላል?

ታቦር፦ አሁንም እላለሁ፦ ሳብ፣ ወደ ቀኝ ማዞር።

የኤንዶስኮፒ ነርስ፦ የታቦር መልስ ልክ ነው፣ ምክንያቱን ግን ልጨምር። የገፉት ስኮፕ ወደፊት በመሄድ ፈንታ ሲግሞይዱን ወደ ላይ እየለጠጠ ተጠምጥሟል። ጥምጥሙ ሲፈታ እጅዎ የገፋውን ያህል ጫፉ ይሄዳል፣ ታካሚውም እፎይ ይላል። ሆዱን ተጭነን የምንይዝልዎ ከዚያ በኋላ ነው፤ ሐኪሙ ጥምጥሙን ሳይፈታ «ተጫኑ» ሲል የሚጎዳው ታካሚው ነው። አየርም አታብዙ፤ የተነፋ አንጀት ይረዝማል፣ መታጠፊያዎቹም ይጠብባሉ። በውኃ መሙላት ብዙ ጊዜ ይሻላል። ያለ ሞዴል መለማመድ ከፈለጉ ኃላፊዋን አስፈቅደው ስኮፑን ጠረጴዛ ላይ ይዘርጉና፣ ወረቀት ላይ የተጻፈ ትልቅ ፊደል በግራ አውራ ጣትዎ የስኮፑን መዘውር፣ በቀኝ እጅዎ ዘንጉን እያዞሩ በጫፉ ይከተሉ። ሲጨርሱ የማጠቡ ሥራ የእኛ መሆኑን ግን አይርሱ።

ጠያቂ፦ ሞዴሉ ከውጭ ተለጥፏል፣ አመሰግናለሁ። ቁጥሩን አሁን አየሁት፤ 80 ሴንቲሜትር ገብቶ እንኳ ገና ሲግሞይድ ውስጥ ነኝ። ስስብ ግን ጫፉ ተንሸራቶ ይወጣል።

ነባሩ፦ እንግዲህ ያ ጥምጥም ነው፤ ቀጥ ባለ ስኮፕ በግራ የጎድን አጥንት ሥር ያለው መታጠፊያ ላይ ሲደርሱ 50 ሴንቲሜትር ገደማ፣ ሲከም ላይ ደግሞ ከ70 እስከ 80 ብቻ ማንበብ አለብዎ። ከመሳብዎ በፊት ጫፉን ከመታጠፊያው አሳልፈው በእጥፋቱ ላይ ያስይዙት፣ አየሩን ምጠጡት፣ ከዚያ እያዞሩ ይሳቡ። መንሸራተት ከጀመረ ያቁሙ፣ ጥቂት ገፋ አድርገው እንደገና ያስይዙት። ታካሚው ላይ ከባድ ሕመም ከታየ ግን ስኮፑን ለአስተማሪው ያስረክቡ።