ዌብካም ሄድ ትራኪንግ፦ ማነጣጠሪያው ላይ አይረጋልኝም፣ ወደኋላ ስዞር ደግሞ ስክሪኑ ያመልጠኛል

ጭልፊት፦
ሰላም ጓዶች። ኢል-2 ግሬት ባትልስ የሚባለው የሁለተኛው የዓለም ጦርነት አውሮፕላን ጌም ላይ ሜሰርሽሚት 109 (የጀርመኑ ተዋጊ) ነው የማበረው፣ ሄድ ትራኪንጉ (ጭንቅላቴን ሳዞር የጌሙን እይታ የሚያዞረው) ኦፕንትራክ የሚባለው ሶፍትዌር ነው፣ ተራ ዌብካም ብቻ ስላለኝ ትራከሩን ኒውራልኔት (ፊቴን ከቪዲዮው እያየ የሚከታተለው) ላይ አድርጌዋለሁ። አንደኛ ልተኩስ ዙም ሳደርግ እይታው ይንቀጠቀጣል፣ ዝም ብዬ ተቀምጬ ራሱ የማነጣጠሪያዋ ክብ ትጠፋለች ትመጣለች። ሁለተኛ ከኋላዬ ሰው አለ የለም ብዬ ስዞር አንገቴ ከልክ በላይ ስለሚሄድ ስክሪኑን በዓይኔ ጥግ ነው የማየው። ሴንሲቲቪቲ ስጨምር ኋላው ይሻላል ተኩሱ ይብሳል፣ ስቀንስ ደግሞ ግልባጩ። ማታ ማታ ጭራሽ አይቻልም። ትራክአይአር (ለዚሁ ተብሎ የተሠራውን ካሜራ) ግዛ እንደምትሉኝ አውቃለሁ፣ ከውጭ የሚያመጣልኝ ሰው እስኪገኝ ግን ባለኝ ነው 😅

ባለክንፍ፦
ሴንሲቲቪቲውን ተወው ወንድሜ፣ አንድ ቁጥር ሁለቱንም አይፈታልህም። ኦፕንትራክ ማፒንግ ውስጥ ግባና የያውን (የግራ ቀኝ መዞሩን) ከርቭ እየው፣ አንተ ስንት ስትዞር ጌሙ ስንት እንደሚዞር የሚያሳየው መስመር ነው፣ ቀጥ ብሎ የሚወጣ መስመር ከሆነ ችግሩ እሱ ነው። ከዜሮ እስከ 5 ዲግሪ መስመሩን መሬት ላይ አስተኛው፣ ከዛ ቀስ ብሎ ይነሳና አንተ 15 ስትዞር ጌሙ 35 አካባቢ፣ 40 ስትዞር 150 ምናምን እንዲደርስ አድርገው፣ እንደዛ ከሆነ ስታነጣጥር ዓለት ነው፣ ወደኋላ ስታይ ደግሞ ዓይንህ ስክሪኑ ላይ እንዳለ ይደርስልሃል። ነጥቦቹ መሀል ስብራት እንዳይኖር ብቻ፣ ካለ እይታህ እዛ ጋ ሲደርስ ይዘላል። ፒች (ወደላይና ወደታች ማየቱ) ላይ ለወደታች የተለየ ከርቭ መስጠት ይቻላል፣ ወደላዩን ፈጠን አድርገው፣ ዶግፋይት (የአውሮፕላን ለአውሮፕላን ውጊያ) ላይ ሰውዬው ሁሌ ከራስህ በላይ ነው፣ ታች ያለው ጌጅ ብቻ ነው።

ሻማ፦
የማታው ነገር ኤክስፖዠር (ካሜራው ለእያንዳንዱ ፍሬም ብርሃን የሚሰበስብበት ጊዜ) ነው። ክፍሉ ሲጨልም ዌብካሙ ብርሃን ለመሰብሰብ ብሎ በራሱ ጊዜ ያረዝመዋል፣ በሰከንድ 30 ፍሬም የነበረው ወደ 15 ሊወርድ ይችላል ፊትህም ይደበዝዛል፣ ትራከሩ ታዲያ ያን ድብዝዝ ፊት እያየ ነው የሚገምተው። አውቶ ኤክስፖዠሩን አጥፋ፣ መብራቱን ከፊትህ አድርግ። ኦፕንትራክ ውስጥ አክሴላ ፊልተር ላይ ስሙዚንግ (መንቀጥቀጡን የሚያለሰልሰውን) ትንሽ ጨምር፣ ካበዛኸው ግን እይታህ እየጎተተ ነው የሚከተልህ።

ትንሽ ሳንቲም ካለህ ደግሞ ያገለገለ የፕሌይስቴሽን 3 አይ ካሜራ ፈልግ። ሌንሱን ፈትተህ ኢንፍራሬድ (በዓይን የማይታየውን ብርሃን) የሚከለክለውን ፊልተር ታወጣና በቦታው የድሮ ፍሎፒ ዲስክ ውስጥ ያለችውን ጥቁር ፊልም ቆርጠህ ታስገባለህ፣ ሄድፎንህ ላይ ካሜራው የሚከታተላቸው ሶስት ኢንፍራሬድ ኤልኢዲ መብራቶች፣ አለቀ። 640 በ480 ላይ 60 ፍሬም ይሰጥሃል። ትራክአይአር 5 በእርግጥ 120 ነው፣ ለዋጋው ልዩነት ግን የሚያዋጣ አይመስለኝም።

አሮጌ አብራሪ፦
ሁላችሁም ስለ መዞር ነው የምታወሩት፣ 109 ላይ እኮ ግማሹ ሥራ ማዘንበል ነው። የ109 ማነጣጠሪያ መሀል ላይ አይደለም፣ ለቀኝ ዓይን ተብሎ በእውነተኛው አውሮፕላንም ትንሽ ወደ ቀኝ ነው የተገጠመው፣ ስለዚህ ክቧ የምትጠፋብህ በመንቀጥቀጡ ብቻ ላይሆን ይችላል፣ ጭንቅላትህ መሀል ስለሆነ ጠርዝ ላይ ነው የምታያት፣ ትንሽ ወዲህ ካልክ ሄደች። የኤክስን (ጭንቅላት ወደ ጎን የሚሄድበትን) ከርቭ መሀሉን ሳታስተኛ ተወውና ወደ ቀኝ ጠጋ በል። ክቧ አንዴ ከታየችህ ደግሞ ልክ መሀል ካልሆንኩ ብለህ አትጨነቅ፣ መስታወቱ ላይ ትንሽ ብትንሸራተትም የምታሳይህ አቅጣጫ ያው ነው። ወደኋላም እንደዛው፣ ከራስህ ኋላ ያለው ብረት ስለሚጋርድህ 180 ብትዞርም የምታየው ብረቱን ነው፣ ዞር ብለህ ወደ ጎን ካላዘነበልክ የ109 ስድስት ሰዓት (ቀጥታ ከኋላው ያለው) አይታይም።

ጭልፊት፦
የያው ከርቭ ሰርቷል፣ ክቧም ቆማለች፣ ተባረኩ። አሁን ሴንተር የማደርግበት (እይታውን ወደ መሀል የምመልስበት) ቁልፍ ዴስክቶፕ ላይ ይሰራል ጌም ውስጥ ስገባ አይሰራም?

ባለክንፍ፦
ጌሙን በአድሚን እየከፈትከው ይሆናል፣ ኦፕንትራክንም በአድሚን ክፈተው። ቁልፉን ከኪቦርድ አውጥተህ ጆይስቲክ ላይ አድርገው፣ ሴንተር ስታደርግ ደግሞ ቀጥ ብለህ አትቀመጥ፣ ተኩስ ላይ በምትቀመጥበት አቀማመጥ ሆነህ ተጫነው።