የሽፈራው ቅጠል ጭማቂ ከዘይን ጋር አልፈተል አለኝ

ተማሪዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። የማስተርስ ጥናቴ የሽፈራው ቅጠል ውስጥ ያሉትን ፌኖሎች (ፀረ-ኦክሳይድ የሆኑ የእፅዋት ውህዶች) በኤሌክትሮስፒኒንግ፣ ማለትም ፈሳሽን በከፍተኛ ቮልቴጅ ከመርፌ ጫፍ ስቦ ቀጭን ክር በመፍተል፣ በፕሮቲን ክር ውስጥ ማሸግ ነው። ፕሮቲኑ ከበቆሎ የሚወጣው ዘይን ነው። በ70 በመቶ ኢታኖል 25 በመቶ አድርጌ ሳሟሟው ብቻውን ያምራል፤ በ18 ኪሎ ቮልት ፎይሉ ላይ ነጭ ስስ ጨርቅ ይሠራል። ቅጠሉን በውሃ አፍልቼ ያወጣሁትን ስጨምርበት ግን ይደፈርሳል፣ መርፌው ይደፈናል፣ ሲለቅም በክር ፈንታ ጠብታ ይረጫል። ቮልቴጁን ከፍ ዝቅ ባደርግም ለውጥ የለም። ሦስት ሳምንት ሆነኝ፣ ምን ይሻለኛል?

ኬሚስቱ፦
እህቴ፣ ቮልቴጁን ተይው። ጥፋቱ የውሃው ነው። ዘይን በንጹህ ውሃም በንጹህ ኢታኖልም አይሟሟም፣ ሁለቱ ሲቀላቀሉ ነው የሚሟሟው፤ አንቺ ውሃ ስትጨምሪ የኢታኖሉ መጠን ይወርድና ፕሮቲኑ መዝቀጥ ይጀምራል። ያየሽው ድፍርስ እሱ ነው። ቅጠሉን ከመነሻው በ70 በመቶ ኢታኖል ዘፍዝፊው፣ አጥሪው፣ ዘይኑን እዚያው ፈሳሽ ውስጥ አሟሚው። መጠኑን ደግሞ ከትንሽ ጀምሪ፣ ምክንያቱም ቅጠሉ ጨው ይዞ ይመጣል፣ ጨው ሲበዛ ፈሳሹ ኤሌክትሪክ አብዝቶ ያስተላልፍና ክሩ ይረበሻል።

አሮጌ መርፌ፦
ልክ ነው። መደፈኑ ግን ያለ ቅጠልም ይመጣል፤ ኢታኖል ቶሎ ስለሚተን ጫፉ ላይ ቆዳ ይሠራል። እኔ አሴቲክ አሲድ ስጠቀም በጣም ቀነሰልኝ፣ ክሩም ጠፍጣፋ መሆኑ ቀርቶ ድቡልቡል ሆነ። ሽታው ግን ከባድ ነው፣ አየር ማስወጫው ሳይከፈት እንዳትጀምሪ። ጫፉን ስትጠርጊም መጀመሪያ ኤሌክትሪኩን አጥፊ፣ እባክሽ።

ኬሚስቱ፦
አንድ ነገር ረሳሁ። ፌኖሉን በፎሊን፣ ፌኖል ሲያገኝ ሰማያዊ በሚሆነው ኬሚካል፣ የምትለኪው ከሆነ ተጠንቀቂ። ዘይን ውስጥ ያለው ታይሮሲን የተባለ አሚኖ አሲድም ከፎሊን ጋር ሰማያዊ ቀለም ይሰጣል። ቅጠል የሌለው ባዶ ክር ሠርተሽ፣ በተመሳሳይ መንገድ ለክተሽ ካልቀነስሽ፣ የፕሮቲኑን ቀለም የቅጠሉ ነው ብለሽ ትጽፊያለሽ። ብዙ ተማሪ እዚህ ላይ ሲሳሳት አይቻለሁ።

ተማሪዋ፦
በጣም አመሰግናለሁ። የምለካው በፎሊን ነው፣ ባዶ ክር ግን ለክቼ አላውቅም። ነገ ቅጠሉን በኢታኖል እዘፈዝፋለሁ፣ ባዶውንም ጎን ለጎን እፈትላለሁ። አሴቲክ አሲዱን ከዚያ በኋላ እሞክረዋለሁ፣ ሁለቱን አንድ ላይ ከቀየርኩ የትኛው እንደሠራ አላውቅም።