«በቁድስ» የሚለውን የዓረብኛ ግጥም የምታውቁ፣ እባካችሁ አግዙኝ

ሰላም ለሁላችሁ። ለንባብ ቡድናችን ስለ ኢየሩሳሌም የተጻፈ ዘመናዊ የዓረብኛ ግጥም ላቀርብ ነው። የሶርያዊው ገጣሚ የኒዛር ቀባኒው ይቀላል፤ አልቅሶ፣ ጸልዮ፣ በመጨረሻ «ነገ ሎሚው ያብባል» ብሎ ያጽናናል። እኔ ግን የፍልስጤማዊውን የታሚም አል-በርጉቲን «በቁድስ» (ቁድስ የኢየሩሳሌም የዓረብኛ ስሟ ነው) መረጥኩ። እ.ኤ.አ. በ2007 በአቡ ዳቢው የቴሌቪዥን የግጥም ውድድር ላይ ያነበበውን ማለቴ ነው።

ጣጣው መግቢያው ላይ ነው። ገጣሚው ከተማዋ ውስጥ ያያቸውን ይቆጥራል። ከጆርጂያ የመጣ አትክልት ሻጭ በሚስቱ ተሰላችቷል፤ ቤት ስለማስቀባት ያስባል። ከማንሃተን የመጣ ጎልማሳ ለፖላንድ ልጆች ኦሪት ያስተምራል። ከዚያ አንድ ሐበሻ ፖሊስ ገበያው ውስጥ መንገድ ይዘጋል። እዚህ ጋ ቀጥ አልኩ! ከቡድናችን የአንዷ እናት ልጅ እዚያው እስራኤል ፖሊስ ነው።

ዝርዝሩ ምሬት አለበት። ሁሉም ከተማዋ ውስጥ አለ፣ አንተ ብቻ የለህም ነው የሚለው። ወደ ኋላ ላይ ግን ነገሩ ይገለበጣል። መቃብሮቹ እንደ መጽሐፍ መስመር ተደርድረዋል፤ ከተማዋም ካፊር ሆነ አማኝ የመጣውን ሁሉ ትቀበላለች።

ታዲያ ፖሊሱን የት ልመድበው? ከከልካዮቹ ወይስ ከእንግዶቹ? ከግብጽ ኮፕቶች ጋር የምንወዛገብበትን፣ እዚያው ኢየሩሳሌም ያለውን የዴር ሡልጣን ገዳማችንንስ ላንሳ፣ ወይስ ነገር ማባባስ ይሆናል? (እኔ ባነሳው ደስ ይለኛል።) ገጣሚው ሲያነብ የሰማችሁ፣ እዚያ ስንኝ ላይ ድምፁ ፌዝ አለው? የማቀርበው ቅዳሜ ነውና ቶሎ ብትመልሱልኝ።