ኢንተርኔት ለሌለው ላብ ፓይተን ይዞ መሄድ፦ የቱ ይሻላል?

ሰሞኑን «ኢንተርኔት በሌለው ኮምፒውተር ላይ ፓንዳስን እንዴት ልጫን?» ብላችሁ ለጠየቃችሁኝ (ፓንዳስ ፓይተን በሚባለው የፕሮግራሚንግ ቋንቋ ዳታ የምንተነትንበት ተጨማሪ ጥቅል ነው)፣ የሞከርኩትን ሁሉ እዚሁ ልጻፍላችሁ።

መጀመሪያ የገጠመኝን ልንገራችሁ። ክፍለ ሀገር አንድ ትምህርት ቤት ፓይተን ላስተምር ሄጄ ነበር። ፍላሼ ላይ የፓንዳስ ፋይል አለ፣ እሱ ብቻ። ልጭነው ስል ቀይ ጽሑፍ ወረደብኝ፤ ፓንዳስ የሚፈልገው ነምፓይ የሚባል ሌላ ጥቅል የለም። ነምፓይ ቢገኝም ዴትዩቲል ያስፈልጋል፣ ዴትዩቲል ደግሞ ሲክስ የምትባል ኢምንት ፋይል ካላገኘ አይነሳም። ልጆቹ ለሦስት አንድ ኮምፒውተር ከበው ይጠብቁኛል። ያን ቀን በጣም አዘንኩ።

አሁን ለማንም የምጠቁመው ፒፕ ዳውንሎድን ነው (ፒፕ የፓይተን ጥቅሎችን የሚያወርድና የሚጭን መሣሪያ ነው)። ቤታችሁ ሆናችሁ የፓንዳስን ስምና የሚቀመጥበትን ፎልደር ስትሰጡት፣ ዋናውንም የሚፈልጋቸውንም ዲፔንደንሲዎች (እንደ ነምፓይ ያሉ ደጋፊ ጥቅሎችን) ለቅሞ ያወርዳል። እዚያ ስትደርሱ ፒፕ ኢንስቶል ላይ ሁለት ነገር ትጨምራላችሁ፦ ኖ-ኢንዴክስ (ኢንተርኔት ላይ እንዳይፈልግ) እና ፋይንድ-ሊንክስ (ፎልደሩን እንዲያይ)። በሞባይል ዳታ ለሚያወርድ ሰው ከሁሉም የሚቀለው ይሄ ነው።

አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። ፒፕ ዝም ካላችሁት የሚያወርደው ለራሳችሁ ላፕቶፕ የሚሆነውን ነው። የእናንተ 64 ቢት ሆኖ ፓይተን 3.12 ካለው፣ የላቡ ደግሞ ባለ 32 ቢት ዊንዶውስ 7 ከሆነ ልፋታችሁ ገደል ገባ፤ ዊንዶውስ 7 ከፓይተን 3.8 በላይ አይቀበልም። ስለዚህ ከመሄዳችሁ በፊት ላቡን ለሚይዘው ሰው ደውሉና ዊንዶውሱ ስንት እንደሆነ፣ ስንት ቢት እንደሆነ፣ ፓይተን ካለም ስንተኛው እንደሆነ ጠይቁ። ከዚያ ፕላትፎርም፣ ፓይተን-ቨርዥን እና ኦንሊ-ባይነሪ የሚሉትን አማራጮች ሞልታችሁ በዚያው ልክ ታወርዳላችሁ።

ኮንዳን (እሱም እንደ ፒፕ ጥቅል የሚጭን መሣሪያ ነው) ለምትጠቀሙ ኮንዳ-ፓክም ጎበዝ ነው። ኢንቫይሮንመንቱን (ጥቅሎቹ የተጫኑበትን ፎልደር) ከነፓይተኑ አንድ ፋይል አድርጎ ያሽገዋል፣ እዚያ ፈትታችሁ ኮንዳ-አንፓክን ማስነሳት ብቻ ነው። ፋይሉ ይከብዳል፣ የሁለቱም ኦፕሬቲንግ ሲስተም አንድ ዓይነት መሆን አለበት። ማሽኖቹ ተመሳሳይ ከሆኑ ግን እኔም እሱን እመርጣለሁ።

ዶከር ሴቭን (ፕሮግራምን ከሚያስፈልገው ሁሉ ጋር የያዘውን የዶከር ኢሜጅ ወደ ፋይል የሚያስቀምጠውን ትእዛዝ) ለሰርቨር እንጂ ለተማሪ ላብ አልመክረውም፤ ዶከሩ ራሱ ቀድሞ መጫን አለበት። ኢሜጁ ከ4 ጊጋ ካለፈ ደግሞ በፋት 32 ፎርማት የተደረገ ፍላሽ አይቀበለውም። የቬንቭ (ለአንድ ሥራ ብቻ ተለይቶ የሚከፈት የፓይተን ቦታ) ፎልደርን ኮፒ አድርጎ መውሰድማ ተዉት፣ ውስጡ የእናንተ ላፕቶፕ አድራሻ ተጽፎበታል። ለፓይተን ሳይሆን ለፓወርሼል (የዊንዶውስ የትእዛዝ መጻፊያ) ሞጁሎች ከሆነ ደግሞ ሴቭ-ሞጁል አላችሁ፣ እሱም ዲፔንደንሲዎቹን አብሮ ያመጣል።

የቱንም ብትመርጡ ከመውጣታችሁ በፊት ዋይፋዩን አጥፉና ባዶ ቬንቭ ከፍታችሁ ከፍላሹ ጫኑት፣ የላቡን የሚመስል ማሽን ካገኛችሁማ እዚያው ላይ ሞክሩት። የፓይተኑን መጫኛም አብራችሁ ያዙ፣ ብዙ ሰው የሚረሳው እሱን ነው።