ከጦር ኃይሎች እስከ አያት በእግሬ ሄጄ ዳቦ ማድረስ አስቤያለሁ፤ እንዴት ላድርገው?

ጥያቄ (ከጦር ኃይሎች)

ሰላም ለሁላችሁ። አያቴ ዓምና አረፈች። በሕይወት እያለች ለበዓል ድፎ ዳቦ ትደፋና ለጎረቤት ሁሉ ታዳርስ ነበር። እኔም በእሷ ስም አንድ ነገር ለማድረግ ቆርጫለሁ። ለገና ሰሞን እዚሁ አዲስ አበባ፣ ከጦር ኃይሎች ተነስቼ የባቡሩን መስመር ይዤ እስከ አያት ሰፈር እሄዳለሁ። ወደ 17 ኪሎ ሜትር ነው። መንገዴ ላይ ሁለት የአረጋውያን መርጃና አንድ የሕፃናት ማሳደጊያ ገብቼ ዳቦ፣ ብስኩትና ከረሜላ አደርሳለሁ። ወዳጅ ዘመድ ደግሞ በኪሎ ሜትር ሒሳብ ብር ሊያዋጣልኝ ቃል ገብቷል። የቸገረኝ ይኼ ነው፦ ብሩን በራሴ አካውንት ብሰበስብ ችግር አለው? ለ80 ሰው ስንት ኪሎ ዱቄት ይበቃል? ጭነቱንስ እንዴት ልሸከመው?

የአዳማው ብስክሌተኛ

እህቴ፣ አያትሽን ነፍስ ይማር። እኔ አንድ ጊዜ በብስክሌት እየዞርኩ ለአረጋውያን ኬክ አድርሻለሁ። ክሬሙ በፀሐይ ቀለጠ። እሱስ ይሁን፤ ቀኑ ረቡዕ ነበርና እናቶቹ ጾመኞች ነበሩ። ተቀብለው መረቁኝና ኬኩን ጎን አስቀመጡት። እስካሁን ይቆጨኛል። አንቺም ልብ በይ፣ ከኅዳር 15 ጀምሮ እስከ ገና ጾመ ነቢያት ነው። ብዙው ብስኩት ወተት ወይም ቅቤ አለበት። አስቀድመሽ ደውዪና ማን እንደሚጾም፣ ምን እንደጎደላቸው ጠይቂ።

ስለ ብሩ፦ በራስሽ አካውንት አትሰብስቢ። ማንም አይጠረጥርሽ ይሆናል፣ ግን ነገ አንድ ሰው «ብሬ የት ደረሰ?» ቢል መልስ ያስፈልጋል። የየማዕከሉን የባንክ ቁጥር ከራሳቸው ከቢሮው ተቀበዪና ለሰዎቹ ስጪ። በቀጥታ ያስገቡ፣ ደረሰኙን ይላኩልሽ። የዳቦውን ወጪ ብቻ አንቺ ያዢ፤ እሱንም በደብተር ጻፊው።

ነርስ ነኝ

ከረሜላውን ተዪው። አረጋውያን ባሉበት የስኳር ሕመምተኛ አይጠፋም። ስትሮክ የመታቸው ወይም የሚያፈዝ መድኃኒት የሚወስዱ ሰዎች ደግሞ መዋጥ ሊቸግራቸው ይችላል። ደረቅ ነገር ትን ይላቸዋል። ቆሎም ጥርስ ለሌለው አይሆንም። ለስላሳ ዳቦና የበሰለ ሙዝ ይሻላል፤ ሙዙንም ቢሆን ለስኳር ሕመምተኞቹ ስንት እንደሚሰጥ የማዕከሉ ነርስ ትወስን። ለትንንሾቹ ልጆች ኦቾሎኒ እንዳትወስጂ። ምግቡን ለሠራተኞቹ አስረክቢ እንጂ በእጅሽ አታጉርሺ።

ዳቦ ጋጋሪዋ እናት

ልጄ፣ ሒሳቡ ቀላል ነው። ከአንድ ኪሎ ዱቄት አንድ ኪሎ ተኩል የሚጠጋ ዳቦ ይወጣል። ለአንድ ሰው 150 ግራም ብትይ ለ80 ሰው 12 ኪሎ ዳቦ ነው። 8 ኪሎ ተኩል ዱቄት ይዘሽ ተነሺ፣ ለጥበቃውና ለሠራተኛውም እንዲተርፍ ትንሽ ጨምሪበት። ጥቁር አዝሙድ አድርጊበት። ኮባ ካገኘሽ በኮባ ድፊው። ማታ ጋግሪና ሳይሸፈን በደንብ ይቀዝቅዝ። ትኩሱን ፌስታል ውስጥ ከከተትሽው ያልበዋል፣ ቶሎም ይሻግታል። በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልዪው።

17 ኪሎ ሜትር ሙሉ 12 ኪሎ ዳቦ ተሸክመሽ አትችዪም። ዳቦው በወዳጅ መኪና ይቅደም። አንቺ አንዱን ድፎ ብቻ በአንቀልባ አዝለሽ ሂጂ። ያየሽ ሁሉ «ምንድን ነው?» ይልሻል፤ ያኔ ትነግሪዋለሽ። የሕፃናት ማሳደጊያ ያቋቋሙት ክብርት አበበች ጎበናም በ1972 ዓ.ም. በረሃቡ ጊዜ ግሸን ማርያም ሲሳለሙ በእጃቸው የነበረው ትንሽ ዳቦና ጠበል ነው። እናታቸው የሞተችባቸውን ልጆች አይተው ማለፍ አልቻሉም፤ ሁለት ሕፃናት ይዘው አዲስ አበባ ገቡ። የማሳደጊያቸው መነሻ ይኼው ነው።

በመርጃ ማዕከል በጎ ፈቃደኛ የነበርኩ

ሁሉም ጥሩ ብለዋል። እኔ ግን ቀኑን ብትቀይሪው እላለሁ። ገናና ፋሲካ ሲደርስ ዳቦው፣ ለስላሳው፣ ካሜራው በአንድ ቀን ይጎርፋል። ዳቦ እየተረፈ ሲደርቅ በዓይኔ አይቻለሁ። ከጥምቀት በኋላ ባሉት ሳምንታት ደግሞ በሩን የሚያንኳኳ ሰው የለም። አንድ እናት በየቀኑ ከሰዓት በር በሩን እያዩ ይቀመጡ ነበር። ያኔ ነው እንግዳ የሚያስፈልገው። ደግሞ ስትሄጂ ቶሎ አትውጪ። አንድ ቦታ ቀንሰሽም ቢሆን ቁጭ ብለሽ አጫውቻቸው። የልጆቹን ፊት ፎቶ አታንሺ፤ አረጋውያኑንም ሳታስፈቅጂ አታንሺ።

ጠያቂዋ

እግዚአብሔር ይስጣችሁ። እናቴ፣ እርስዎ ያሉትን የአንቀልባ ነገር ሳነብ አለቀስኩ። አያቴ እኔን ያዘለችበት አንቀልባ አሁንም ቤት አለ።

ዛሬ ለሦስቱም ደወልኩ። አንደኛው ዳቦ እንደማይቸግራቸው፣ የአዋቂ ዳይፐርና ሳሙና ግን እንዳለቀባቸው ነገሩኝ። ስለዚህ በኪሎ ሜትር የሚዋጣው ብር ለእሱ በቀጥታ ይገባል። ጉዞውን ወደ ጥር መጨረሻ፣ ቅዳሜ ቀን አዞርኩት። ሁለት ቦታ ብቻ እገባለሁ። ጠዋት 12 ሰዓት እነሳለሁ። አንድ ጥያቄ ቀረኝ፦ ጾመ ነነዌ በዚያ ሰሞን አይሆንም?

ዳቦ ጋጋሪዋ እናት

ነነዌ ሰኞ ገብቶ ረቡዕ ያበቃል። ቀኑ በየዓመቱ ይለዋወጣል እንጂ ቅዳሜን አይነካም። እንዲያም ሆኖ ዳቦውን በዘይት አድርጊው፤ ለማንም ይሆናል። ዱቄቱን ለመንፋት ሰው ካጣሽ እኔ አለሁ።