የካርቦን ፎርክ ላይ ስንጥቅ ወጣ፤ ይነዳል?

ጎንደሬው፦
ጤና ይስጥልኝ። ብስክሌቱ ኮብልስቶን ላይ ወድቆ የፎርኩ (የፊት ጎማውን የሚይዘው ከካርቦን ክር የተሠራ ሹካ) ግራ እግር ላይ 3 ሳንቲሜትር የሚሆን አግድም መስመር ወጥቶበታል። ጥፍር ይይዛል። የተሰነጠቀው ቀለሙ ነው ወይስ ካርቦኑ? ፍሬኑ ዲስክ ነው፤ መንገዴም የአዘዞ ቁልቁለት።

ቁልፍ 5፦
እስኪጣራ አትውጣበት። የዲስኩ ፍሬን የታሰረው በዚያው በግራ እግር ላይ ስለሆነ ቁልቁለት ላይ ጫናው እሱ ላይ ነው የሚያርፈው። አሉሚኒየም ብዙ ጊዜ ጎብጦ ያስጠነቅቃል፤ ካርቦን ግን ድንገት ሊሰበር ይችላል።

ጎማውን አውጥተህ ፎርኩን በሳሙና ውሃ እጠብ፣ አድርቅ፣ የእጅ ባትሪ ከጎን አብራበት። መስመሩን በአውራ ጣት ስትጫነው ከሰረጎደ፣ አፉን ከከፈተ ወይም ከተንቋቋ አበቃ። ጥጥ ስታሽበት ከያዘም ክሮቹ ተበጥሰው ወጥተዋል ማለት ነው። ከዚያ በ1 ብር ሳንቲም ጠርዝ ቀስ እያልክ አንኳኳ፤ ቀኙን እግር በዚያው ከፍታ እያንኳኳህ አወዳድር። ጥርት ያለው ድምፅ ከታፈነ የካርቦኑ ንብርብር ውስጥ ውስጡን ተላቋል። ፍሬኑ የታሰረበት አካባቢ ወፍራም ስለሆነ ድምፁ ድሮም ይለያል፤ እሱ አያሳስትህ።

ማራኪ ሰፈር፦
ሳንቲም መጥፎውን ያሳብቃል እንጂ ደህና ነው ብሎ አይመሰክርም። ፎርኩን አውርደህ በፍሬሙ ውስጥ የሚያልፈውን ቱቦ እይ፤ የታችኛው ኩሽኔታ የሚቀመጥበትንና ስቴሙ (መሪውን ከፎርኩ ጋር የሚያያይዘው) የሚጨብጠውን ቦታ በተለይ። እዚያ ስንጥቅ ካለ ሌላ ምርመራ አያስፈልግም፣ አትንዳው።

ጎንደሬው፦
አንኳኳሁት። ከመስመሩ አልፎ 4 ጣት ያህል የታፈነ ነው። በኢፖክሲ ሙጫ ቢጣበቅስ?

ቁልፍ 5፦
አይሆንም ወንድሜ። ጉዳቱ ከሚታየው ሰፍቷል። ጭነት የሚሸከሙት ክሮቹ ናቸው፤ ኢፖክሲ ላዩን ይደፍናል እንጂ የተበጠሰ ክር አይቀጥልም። የፍሬም ቱቦ ቢሆን ባለሙያ ሊጠግነው ይችላል፣ ፎርክ ግን ይቀየር።

የአሉሚኒየም ወይም የብረት ፎርክ ይበቃሃል፤ ዲስክ ፍሬን የሚያስር ይሁን። ሳትገዛ ለካ፦ የፎርኩ ቱቦ ላይና ታች እኩል 28.6 ሚሊሜትር ነው ወይስ ታች ይሰፋል? የጎማው አክሰል 12 ሚሊሜትር ነው ወይስ ቀጭኑ? ከታችኛው ኩሽኔታ መቀመጫ እስከ አክሰሉ መሃል ያለው ርዝመትም ከአሮጌው ጋር ይቀራረብ፤ ከተራራቀ የመሪው ጠባይ ይለወጣል።

ማራኪ ሰፈር፦
ስቴሙን ስታስር ላዩ ላይ ከተጻፈው የማጥበቂያ ልክ (ኒውተን ሜትር) አትለፍ፣ ብዙዎቹ 5 አካባቢ ናቸው። አሮጌውን ፎርክ ማንም አንስቶ እንዳይገጥመው ለሁለት ቁረጠው፤ አቧራው ለሳንባ ጠንቅ ነውና እያረጠብክ፣ ማስክ አድርገህ።