የተማሪዎችን ውጤት በኤክሴል መመዝገብ አስቸግሮኛልና እርዱኝ

ሰላም ለሁላችሁም። የመምህርነት ሥልጠና ላይ ነኝ። ከኮምፒውተር ጋር ወዳጅነት የለኝም፤ ለማስተማር ጠመኔና ሰሌዳ ይበቃሉ ባይ ነበርኩ፤ አሁንም ልቤ ወደዚያው ያደላል። ሥልጠናው ግን ውጤት በኤክሴል አደራጅተን እንድናቀርብ ግድ ይለናል።

ስም ማስገባቱና መደመሩ ተሳክቶልኛል። የተቸገርኩት በአማካዩ ነው። አንድ ተማሪ በሁለት ፈተናዎች 80 እና 90 አገኘ፤ በሦስተኛው ታሞ ስለቀረ ሳጥኑን ባዶ ተውኩት። ኮምፒውተሩ አማካዩን 85 አለው። ሦስቱንም ተፈትና 80፣ 90 እና 70 ያመጣችው ልጅ ግን 80 ሆነች። ዜሮ ብሞላለት ደግሞ የታመመው ልጅ ወደ 57 ያሽቆለቁላል። ሁለቱም ፍርደ ገምድል ናቸው፤ እንዲህ ያለ ውጤት ለወላጅ ማሳየት አልፈልግም። እናንተ ባዶውን ሳጥን ምን ታደርጉታላችሁ? ማካካሻ ፈተና እስኪወስድ ድረስ በአማካዩ ቦታ «አልተሟላም» የሚል ቀመር ይኖር ይሆን?

ሌላም አለ። ፈተናው ከመቶ ስንት እንደሚያዝ በአንድ ሳጥን ጽፌ በእርሱ የሚያባዛ ቀመር ሠራሁ። ለመጀመሪያው ተማሪ ልክ ነው፤ ቀመሩን ወደ ታች ስጎትተው ግን የቀሩት ሁሉ ዜሮ ይሆናሉ። አንዲት ባልደረባዬ በቀመሩ ውስጥ ባለው የሳጥኑ መጠሪያ (ለምሳሌ B1) ላይ የዶላር ምልክት ($) ጨምሪበት ብላኛለች፤ ከፊደሉ በፊት ነው ወይስ ከቁጥሩ?

እባካችሁ መልሱን በጽሑፍ፣ የምጫነውን ቁልፍ ሳይቀር በቅደም ተከተል አስቀምጡልኝ። በቪዲዮ የሚያሳዩት ሰዎች እጃቸው ስለሚፈጥን መከተል አቅቶኛል።